አኩራፊው ንጣፍ

በምድር ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችውን ማሽን ሁሉም «ሙሽራዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ቴክኒሻኑ ነው፤ ያለ ምክንያትም አላወጣውም። ከአናቷ እስከ እግሯ በሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ወረቀት ተጠቅልላለች፤ ለአንድ ቀን ሥራ ሳምንት ሙሉ ስትሰናዳ ትከርማለች፤ ጓንት ያላጠለቀ ጣት ውስጧን ከነካ ደግሞ የጣቱ ወዝ ብቻውን ልፋቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል። ሆዷ ባዶ ነው። ባዶነቱም እንደ ተደፋ ማሰሮ ባዶነት አይደለም፤ ፓምፖቹ ቀንና ሌሊት አየሩን እየመጠጡ፣ እዚያ ውስጥ የሚቀረው ነገር ከምንም በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ እስኪሆን ድረስ ያራቁቱታል።

በዚያ ባዶ ሆድ መካከል የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል የተንግስተን ጠፍጣፋ ተንጠልጥላለች። የዕለቱ ሥራ የሚጀምረው ጋዶሊኒየም የተባለውን ብርቅዬ ብረት አግሎ፣ እንፋሎቱን በዚህች ጠፍጣፋ ላይ በማልበስ ነው። በመስታወቱ መስኮት አጮልቆ ለሚያይ ሰው የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም፤ የብረቱ አተሞች ግን ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደራረቡ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። የዚህ ልባስ ዕድሜ አጭር ነው። የማሽኗ ሆድ የቱንም ያህል ቢራቆት፣ ከቀረው ጥቂት ጋዝ ላይ ጥቂት ጥቂቱ እየመጣ ይለጠፍበታልና የጠዋቱ ንጹሕ ገጽ ለማታ አይደርስም።

በዚህ ቤት ከሁሉ የሚቀድም አንድ ሕግ ነበር። ልባሱ እንደተሠራ አይለካም፤ ያርፋል። የሕጉ ባለቤት ማሽኗን በወጣትነታቸው በገዛ እጃቸው የገጣጠሟት፣ አሁን ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር ናቸው። አዲስ ልባስ ትኩስ ነው፣ ልኬቱም ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ነፋስ ተቀብሎ ይመለስ፤ ያን ጊዜ ልባሱም ረግቶ ይጠብቀዋል ባይ ነበሩ። የቸኮለ ተማሪ ሲያዩ «አሳርፉት፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ትውልድ ሄዶ ትውልድ ሲተካ ምክሩ ሕግ ሆነ፤ ሕጉም ቅጽል ስም ወለደ። ከኋላቸው «ጋሼ አሳርፉት» ይባሉ ጀመር። ይህንንም ያውቃሉ፤ ግን እንደማያውቅ ሰው ማለፍን መርጠዋል።

ዛሬ ማሽኗን የምታሠራው ተመራማሪ የእሳቸው ተማሪ ብቻ ሳትሆን ምራታቸውም ናት። መጀመሪያ ተማሪያቸው ነበረች፤ ከዚያ አንድ ቀን የረሱትን መነጽር ልታደርስ ወደ ቤታቸው ሄደች፤ በሩን የከፈተላት ደግሞ የጥርስ ሐኪም ልጃቸው ሆኖ ተገኘ። ባሏ እስከ ዛሬ ድረስ «አባዬ መነጽሩን ሆን ብሎ ነው የረሳው» ይላል። አዛውንቱም «እኔ የረሳሁት መነጽር ነው፤ ልቧን ረስታ የሄደችው እሷ ናት» ብለው ይመልሱለታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አዛውንቱ፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ትንሿ የልጅ ልጃቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ጡረታ ወጡ ማለት ግን ቤት ዋሉ ማለት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከምራታቸው ጋር አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ከማሽኗ አጠገብ ካለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሐኪም የበሽተኛን ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ የፓምፑን ድምፅ ሲያዳምጡ ይውላሉ።

ስማቸውን ያስጠራው ግኝት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ባሕርይ አለው፤ በዚህም የተነሣ እንደ ደቃቅ ማግኔት ወደ አንድ ወገን ያያል። በቀዘቀዘ ጋዶሊኒየም ውስጥ እነዚህ ደቃቃን ማግኔቶች ተስማምተው ፊታቸውን በአንድነት ይመልሳሉ፤ ብረቱን ማግኔት የሚያደርገውም ይኸው ስምምነት ነው። ፕሮፌሰሩ በጎልማሳነታቸው ለክተው ደረስኩበት ያሉት ግን፣ ከሁሉ በላይ ያለው ንጣፍ፣ ማለትም ከበላዩ ጎረቤት የሌለው፣ ለሥሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተቃራኒው ያያል የሚል ነበር። «ጎረቤት የጎደለው ያኮርፋል» እያሉ ለተማሪዎቻቸው ያስረዱ ስለነበር፣ በላቦራቶሪው ቋንቋ ስሙ «አኩራፊው ንጣፍ» ሆነ። በአንድ ወቅት በሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎች ሞክረን አላገኘነውም ብለው ጽፈው ነበር። አዛውንቱ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡትና «አላሳረፉትማ» ብለው አጥፈው አስቀመጡት።

የነገሩ መነሻ የሕፃን ጆሮ ነው።

አንድ ቀን አዛውንቱ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው ቀሩ። ምራታቸው ልባሱን ሠርታ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዛ፣ እንደ ሕጉ ልታሳርፈው ስትል ከመዋዕለ ሕፃናት ተደወለ። ልጅቷ ጆሮዋን አሟት ታለቅሳለች፤ ቶሎ መጥታችሁ ውሰዷት አሏት። ባሏ እጁን በሰው አፍ ውስጥ ከትቶ ስልክ የማያነሣበት ሰዓት ነበር። ሳምንት ሙሉ የተሰናዳችውን ሙሽራ ሜዳ ላይ ጥላ ለመሄድ ደግሞ አንጀቷ አልቻለም። ስለዚህ በዚያ ቤት ማንም አድርጎት የማያውቀውን አደረገች፤ ልባሱን ሳታሳርፍ ለካችው።

ልኬቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አይወስድም። አልትራቫዮሌት ብርሃን ገጹን ሲመታው ኤሌክትሮኖች ይፈናጠራሉ፤ መለያው በስፒናቸው እየለየ ይቆጥራቸዋል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ነጥብ ከዜሮው መስመር በላይ ከዋለ የላይኛው ንጣፍ ከሥሮቹ ጋር ወግኗል፤ ከመስመሩ በታች ከወደቀ አኩርፏል ማለት ነው። እሷ እስከምታስታውሰው ድረስ ነጥቡ ሁልጊዜ ከመስመሩ በታች ነበር የሚወድቀው። በዚያ ቀን ከመስመሩ በላይ፣ ያለ አንዳች ማመንታት ተቀመጠ።

ከጥድፊያዬ የመጣ ስሕተት ነው ብላ ወደ ልጇ ሮጠች። የልጅቷ ጆሮ ዳነ፤ የእናቲቱ ሐሳብ ግን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ አማቷ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ፣ እሷ «በኋላ እበላለሁ» ብላ ትቀርና ያላረፈውን ልባስ ትለካለች፤ እሳቸው ሲመለሱ ደግሞ ያረፈውን በፊታቸው ትለካለች። ከምሳ በፊት ነጥቡ ከላይ ነው፤ ከምሳ በኋላ ከታች። ጓዳ ገብቶ ማር እንደሚልስ ልጅ በመሆኗ ታፍር ነበር። ምስጢሯን የሚያውቀው ቴክኒሻኑ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ስክሪኑን ሲያይ ቆይቶ «ገባኝ፤ ይህ ንጣፍ የሚያኮርፈው ምሳ ስላልጋበዝነው ነው» አላት።

ጥርጣሬዋ ሃይድሮጅን ላይ ወደቀ። የገጹን ንጽሕና የሚመረምሩበት መሣሪያ ካርቦንንና ኦክሲጅንን ለይቶ ያያል፤ ሃይድሮጅንን ግን አያይም። ከማሽኗ የብረት ግድግዳ እያመለጠ ፓምፖቹን የሚያስቸግረው ደግሞ ሃይድሮጅን ራሱ ነው። በፕሮፌሰሩ ዘመን ያልነበረው አዲሱ የጋዝ መለያ፣ ልባሱ «ሲያርፍ» ይህ ጋዝ በማሽኗ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ እንደሚጨምር ያሳያል። እንግዲህ በዕረፍቱ ሰዓት ልባሱ ያረፈ ይመስላል እንጂ በማይታይ ጋዝ እየተሸፈነ ነበር፤ ንጣፉን የሚያስኮርፈውም ይህ ጋዝ እንጂ የጎረቤት መጉደል አልነበረም። ሁሉም ነገር እያደር ይጠራ ይሆናል፤ ይህ ገጽ ግን እያደር ነው የሚቆሽሸው።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ዕዳው ገብስ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ግን በዚያ ወር መጨረሻ ፕሮፌሰሩን በትልቁ አዳራሽ ሊያከብር ወስኗል፤ እሳቸውም ስለ አኩራፊው ንጣፍ ንግግር እንዲያደርጉ ተጠይቀዋል። ቤት ውስጥ ከመስታወት ፊት ቆመው ይለማመዳሉ፤ የልጅ ልጃቸው በየመካከሉ እንድታጨበጭብ ታዝዛለች፤ እሷም ያለ ቦታው እያጨበጨበች ታስቸግራቸዋለች። ምራታቸው ዝም ካለች፣ አዛውንቱ በሰው ሁሉ ፊት ቆመው ስሕተቱን በኩራት ይናገራሉ፤ ብዙም ሳይቆይ የገዛ ምራታቸው ስለ ሃይድሮጅኑ የምትጽፈው ጽሑፍ ታትሞ ያዋርዳቸዋል። ከተናገረች ደግሞ፣ የቀረቻቸውን አንዲት ነገር በእጇ ልትነጥቃቸው ነው።

ባሏን ዕቃ እያጠቡ አማከረችው።

«ለአባዬ አትንገሪው» አላት ወዲያው። «ቢያንስ ንግግሩ ይለፍ።»

«ንግግሩ ካለፈ በኋላማ ማዋረድ ነው የሚሆነው።»

«እማዬ ከሞተች ወዲህ ምን ቀረው? ልጅቷ፣ አንቺና ያ ንጣፍ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ከቁጥር አልገባም። ስንት የሰውነት ክፍል እያለ ጥርስ መረጥክ ብሎ እስካሁን አልማረኝም።» ሳህኑን አድርቆ ሲያበቃ እንደገና ማድረቅ ጀመረ። «የማይቀር ከሆነ እኔ እንደማደርገው አድርጊ። መጀመሪያ አደንዝዢ፤ ከዚያ ቶሎ ንቀዪ።»

እሷም ስታስብበት ሰነበተች። ማደንዘዣ የሚሠራው መርፌውን ለማያይ ሰው ነው፤ አማቷ ግን ነገር ገና ዳር ዳር ሲባል መሐሉን የሚያሸቱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ላለማደንዘዝ ቆረጠች።

በማግስቱ ልባሱ ተሠርቶ ቀዘቀዘ። አዛውንቱ እንደልማዳቸው ኮታቸውን አንሥተው ለምሳ ሲወጡ ጠራቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬ አናሳርፈው።»

«ለምን?»

«እኔ ከምናገረው እርስዎ አይተው ቢፈርዱ ይሻላል።»

ትክ ብለው አዩዋትና ኮታቸውን ሳያስቀምጡ በርጩማቸው ላይ ተመለሱ። ለካች። ነጥቡ ከመስመሩ በላይ ዋለ። አዛውንቱ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉና ተነሡ። ልባሱን ማግኔት የሚያደርገው የሽቦ ጥቅል ጫፎቹ ተለዋውጠው ቢታሰሩ ላይና ታች ይገለበጣል፤ ይህ ደግሞ በዚህ ሙያ ውስጥ ያልደረሰበት ሰው የሌለ ስሕተት ነው። ቴክኒሻኑን ማሰሪያዎቹን አስፈቱት፣ ኮምፓስ አስመጥተው መርፌው ወዴት እንደሚዞር በየተራ አዩ፣ እንደገና አሳሰሩት። ሽቦው አንዳች እንከን አልነበረበትም። ይህ ሁሉ ሲሆን ልባሱ አርፎ ነበርና ድገሚው አሏት። ደገመችው። ነጥቡ ከታች ወደቀ፤ እንደ ድሮው።

ያን ጊዜ ስለ ሃይድሮጅኑ የምታስበውን ሁሉ፣ አንዱንም ሳታስጌጥ ነገረቻቸው። አዛውንቱ አላቋረጧትም። ስታበቃ የጠየቋት ሌላ ነገር ነው።

«ከዚህ በፊት ለክተሽው ነበር?»

«ብዙ ጊዜ።»

«መቼ?»

«ምሳ ሲሄዱ።»

«እኔ ምሳዬን ስበላ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ይህ ከንጣፉ ይልቅ እንዳሳመማቸው ያን ጊዜ ገባት፤ ግን ያመለጠ ቃል አይለቀምም። አዛውንቱ ኮታቸውን ለበሱ፣ ለቴክኒሻኑ ደኅና ዋል አሉ፣ ብቻቸውንም አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ቤት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለቤቱ ከበዱት። አዛውንቱ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለ ነበር። ላቦራቶሪ መምጣቱን ተዉ፣ ከመስታወቱ ፊት መለማመዱንም ተዉ። ገበታ ላይ ይቀርባሉ፤ ከምራታቸው የሚፈልጉት ነገር ቢኖር ግን በልጅ ልጃቸው በኩል ነው። «እናትሽን ውሃውን ታቀብለኝ በያት» ይላሉ፣ እናትየዋ ከፊታቸው ተቀምጣ። ትንሿ ልጅ መልእክተኛነቱን ወዳው፣ ማንም ሳይልካት መልእክት እየፈጠረች ታመላልስ ጀመር። ባሏ አንድ ምሽት በጆሮዋ «የለም ያልሽው አኩራፊ ንጣፍ ይኸው ከገበታችን ራስጌ ተቀምጧል» ቢላት፣ ሳቋ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። በሌላ ቀን ልመናዋን ይዛ በራቸው ላይ ቆመች። ያለ እሳቸው ዕውቅና መለካቷ ነውር እንደነበረ፣ ጽሑፉንም እሳቸው ሳያዩት እንደማትልከው በተዘጋው በር አሳልፋ ነገረቻቸው። ከውስጥ የመጣው መልስ «ደክሞኛል» የሚል ብቻ ነበር።

የንግግሩ ቀን እየተቃረበ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስትደርስ አዛውንቱ ቀድመዋት ቆመዋል። ሰላምታዋን በአንገታቸው ተቀበሉ። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያዩ ሄዱ። ላቦራቶሪ ገብተው፣ ፓምፑን አዳምጠው፣ በርጩማቸው ላይ ከተደላደሉ በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱት።

«ስትቸኩዪ ከላይ፣ ስታሳርፊ ከታች። ይህን አሳይተሽኛል። ሃይድሮጅን ነው ያልሽውን ግን ማን ነገረሽ?»

«የጋዝ መለያው እየጨመረ መሄዱን ያሳያል።»

«እሱ የሚያየው በሆዷ ውስጥ ያለውን ነው፤ በገጹ ላይ ያለውን አይደለም። ልባሱ በዕረፍቱ ሰዓት ራሱን አስተካክሎ፣ እውነተኛ መልኩን ይዞ ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ እኔ ልክ ነኝ፣ አንቺ ቸኩለሻል።»

በእነዚያ ሁሉ የምሳ ሰዓቶች አማቷ መሳሳታቸውን ለራሷ አስረድታ ነበር፤ እሷ ልክ መሆኗን ግን ለማንም አላስረዳችም። የሚያስረዳውን ሙከራ ሳታውቀው ቀርታም አይደለም። ዳር ዳሩን ስትዞረው ነበር፤ ምክንያቱም ያ ሙከራ ከተሠራ በኋላ ለአኩራፊው ንጣፍ መውጫ በር አይቀርለትም።

«ጽሑፍሽን እንዲህ እንዳለ ብትልኪው፣ ገምጋሚው እኔ ብሆን እመልሰዋለሁ» አሉ አዛውንቱ። ድምፃቸው የኩርፊያ ድምፅ አልነበረም፤ ተማሪ ሳለች የምታውቀው፣ የተበላሸ ሥራ ሲያዩ የሚሰማ የመምህር ድምፅ ነበር። «አታሳርፊው። እንደተሠራ ለኪው። ነጥቡ ከላይ እንዳለ፣ ጊዜ ሳትሰጪው፣ ንጹሕ ሃይድሮጅን ልቀቂበት። ወዲያው ከወደቀ ጥፋተኛው ጋዙ ነው። ከላይ ከቆየ ግን ጽሑፍሽን ቀደሽ ትጥዪዋለሽ።»

«አባባ» አለች።

«የምልሽን አውቃለሁ» አሉ። «ሥሪው።»

ማሽኗን ለዚህ ሥራ ለማሰናዳት ቀናት ፈጀ። የሃይድሮጅኑ ጠርሙስ መጣ፤ ጋዙን በጠብታ እንኳ ሳይሆን በትንፋሽ ልክ የሚያሾልከው ቫልቭ ተፈተሸ። ቫልቩን በድሮ ጊዜ የገጠሙት አዛውንቱ ራሳቸው ነበሩና እኔ ነኝ የምከፍተው አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ቫልቩ ከማሽኗ በስተጀርባ ስለሆነ እዚያ የቆመ ሰው ስክሪኑን አያይም። ልባሱ ተሠርቶ እንደቀዘቀዘ ለካች፤ ነጥቡ ከላይ ነው። «ይክፈቱ፣ ጥቂት ብቻ» አለቻቸው። የቫልቩ መዘውር ሲንቀሳቀስ ሰማች።

ነጥቡ መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ በኋላ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ አንድ ወርዶ ቆም፣ አንድ ወርዶ ቆም እያለ ወደ መስመሩ ቀረበ፤ መስመሩን ነካ፤ አለፈውም። ከዕረፍት በኋላ ዘወትር ይወድቅ ከነበረበት ቦታ አጠገብ ደርሶ ረጋ። ሁልጊዜ የሚቀልደው ቴክኒሻን ጓንቱን ሲያወልቅና ሲያጠልቅ ነበር።

«ወረደ?» የሚል ድምፅ ከማሽኗ ጀርባ መጣ።

«ወረደ፣ አባባ።»

ቫልቩን ዘጉ። ሲመጡ እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። ስክሪኑን አንድ ጊዜ ብቻ አዩትና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «ለካ ሲረጋ ደስ የሚለኝ ስለሞተ ነው» አሉ። «ሬሳ አይዋዥቅም።»

ቴክኒሻኑ ጉሮሮውን አጸዳ። «ጋሼ፣ በዚያን ጊዜ እኮ ይህ የጋዝ መለያ አልነበረም።»

«አልነበረም። የሚጠይቁኝ ሰዎች ግን ነበሩ፤ አላሳረፉትም አልኳቸው።» ምራታቸው አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች፤ እሳቸውም ሳይከለክሏት ቆዩ። ለማጽናናት የሚሆን ቃል ፈልጋ ነበር፤ የመጡላት ሁሉ ግን ለሐዘን ቤት የሚመቹ እንጂ በሕይወት ላለ ሰው የሚባሉ አልሆኑላትም። ቃሉን ያገኙት እሳቸው ናቸው። «በይ ተነሺ። አንድ ነጥብ መስመር አይሠራም። ነገ በግማሹ ጋዝ ይደገማል፤ ከነገ ወዲያ በሩቡ። ደግሞም ሌላ ጋዝ ለቀሽ እንዲህ እንደማይሆን ማሳየት አለብሽ፤ ይህንንም አላሰብሽበትም።»

አላሰበችበትም ነበር።

ሙከራዎቹ ተደጋገሙ፤ ነጥቦቹም ተሰልፈው መስመር ሆኑ። አዛውንቱ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውለው የንግግሩ ይዘት ተለውጧል ቢሏቸው፣ ኃላፊው ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጥፏል፣ እንግዶችም ተጠርተዋል ብለው ተጨነቁ። ርእሱ እንዳለ ይቆይ፣ ስለ አኩራፊው ንጣፍ መናገሬ አይቀርም አሏቸው፤ ኃላፊውም ልባቸው ተመለሰ። ምን ሊናገሩ እንዳሰቡ ለኃላፊው አልነገሩም። ምራታቸውን ብቻ አብራቸው መድረክ እንድትወጣ አዘዟት።

በዋዜማው ሥራ ጨርሰው በአውቶቡስ ሲመለሱ፣ ማን ይቅደም በሚለው ገና አልተስማሙም ነበር። እሷ፣ ክብሩ የእርስዎ ነውና ይጀምሩ፣ እኔ እከተላለሁ አለች። ነገሩን በልቧ ስታስተካክል ሰንብታለች፤ እሳቸው በመጀመሪያ ስለ ማሽኗና ስለ ድካማቸው ቢናገሩ ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር አይጎዳቸውም ብላ።

«አይሆንም» አሉ አዛውንቱ። «እኔ ከጀመርኩ ያጨበጭቡና ልባቸው ወደ ግብዣው ይሄዳል፤ አንቺን የሚሰማሽ የለም። አንቺ ጀምሪ። ለክተሽ ያገኘሽውን ተናገሪ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከአጠገብሽ ተቀምጬ የሚነሣውን ጥያቄ እመልሳለሁ። ለዚያ ንጣፍ ጥብቅና በመቆም እኔን የሚያህል ሰው የለም። ሰው እሱን ደግፎ ሊለው የሚችለውን ሁሉ፣ እኔ ራሴ ስለው ኖሬያለሁ።»

ወደ እሳቸው ዞራ አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ሐዘን አልጠፋም፤ ግን ሥራ ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

«እስቲ አንዱን ይጠይቁኝ» አለቻቸው።

ጠየቋት። ስለ ተንግስተኑ ነበር፤ ልባሱ በጣም ሲሳሳ የሥሩ ብረት ልኬቱን እንደማያዛባ በምን ታውቂያለሽ የሚል። መለሰች። መልሱ አልተዋጠላቸውም። ደግማ መለሰች፤ እሱንም ጣሉት። አጠገባቸው የተቀመጠው መንገደኛ ቦታ ቀየረ። ከአውቶቡሱ ወርደው እስከ ደጃፋቸው ድረስ፣ እሷ በአንድ እጇ ቦርሳዋን ይዛ፣ በሌላው አየሩን እየቆረጠች፣ እሳቸውም በየሦስት እርምጃው ቆም እያሉ ሲከራከሩ መጡ። ጩኸቱን ከውስጥ የሰማው የጥርስ ሐኪም ደንግጦ በሩን ከፈተ።

«ደግሞ ምን ሆናችሁ?» አለ።

«ዞር በል» አሉት አባቱ፣ በአጠገቡ አልፈው እየገቡ። «ሥራ ላይ ነን።»